ስልኩ ጋሸና፣ ቁልፉ ባሕር ማዶ

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፍ መኪና ጋሸና ላይ መቆሙ አይቀርም። ወደ ላሊበላ የሚሄደውም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማዋ መገናኛ በመሆኗ ከሰው፣ ከእህልና ከከብት ጋር ስልክም ያልፍባታል። አንዱ ከአረብ አገር የተመለሰች እህት ይዛው የመጣች ነው፤ ሌላው ከአሜሪካ በሰው እጅ የተላከ፤ ሌላው ከመርካቶ በጅምላ ወጥቶ በካርቶን የመጣ፤ ሌላው ደግሞ ላሊበላን ሊሳለም ወይም ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ለአስጎብኚው ስጦታ ትቶለት የሄደ። የሞባይል ጥገና ቤቶቹ መስኮት ላይ እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ።

እዚህ ስልክ የሚወድ ወጣት ብዙ ነው። የትኛው ሞዴል ምን ካሜራ እንዳለው፣ የትኛው ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በቃሉ ያውቃል። ቅሬታውም ያው ነው፤ አምራቹ የገዛሁትን ስልክ እንደ ፈለግሁ እንዳላደርገው ቆልፎብኛል፤ ያም ሳያንስ እኔ ባለሁበት አገር የለም። ሁለቱ ቅሬታዎች ሁልጊዜ አብረው ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ። እኔ ግን ለየብቻ ሊመዘኑ ይገባል ባይ ነኝ፤ በመጀመሪያው ላይ አምራቾቹ ጥሩ መከራከሪያ አላቸው፣ በሁለተኛው ላይ ግን ያላቸው በጣም ትንሽ ነው።

ከመቆለፉ ልጀምር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥገና ቤት ተቀምጬ ሳለሁ የላሊበላ አስጎብኚ የሆነ ልጅ ስልክ ይዞ ገባ። አንዲት ጎብኚ ስትሄድ የሰጠችው ነው። መረጃዋን አጥፍታ፣ አጽድታ ነው የሰጠችው፤ ከራሷ አካውንት ማውጣቱን ግን ዘንግታዋለች። ስልኩ ተከፍቶ ቋንቋ ከተመረጠለት በኋላ የቀድሞ ባለቤቱን የይለፍ ቃል ይጠይቅና እዚያው ይቆማል።

«ፍላሽ አታደርግልኝም ወንድሜ?»

«ይሄ በፍላሽ አይሄድም። ሴትዮዋን ፈልጋት።»

ልጁ አሮጌ ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየው። ከጎብኚዋ ጋር ቤተ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆመዋል፤ አዲሱ ስልክ በልጁ እጅ ነው፣ እሷ ትስቃለች። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ባለ ጥገናው ፎቶውን አይቶ አመነው፤ ማሽኑ ግን ፎቶ አይቶ አያምንም። ልጁ የኢሜይል አድራሻዋ ነበረውና ጻፈላት፤ እሷም አገሯ ሆና ስልኩን ከአካውንቷ አወጣችው። ያም ሆኖ ስልኩ ለመነሣት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የሞባይል ዳታ ደግሞ በጊዜው ተዘግቷል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ስጦታውን በኪሱ ይዞት ዞረ።

ይህን ያየ ሰው ቁልፉን ቢረግም አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁልፉ ከምን እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። አፕል ይህን ዓይነት ቁልፍ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ጉግልም በ2015 በአንድሮይድ ላይ ተመሳሳዩን አደረገ። በፊት ስልክ የነጠቀ ሌባ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ይሸጠው ነበር። ቁልፉ ከመጣ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት እንደ ለንደንና ሳን ፍራንሲስኮ ባሉ ከተሞች የስልክ ስርቆት በጉልህ መቀነሱን ባለሥልጣናቱ አስታውቀዋል። እኛም ዘንድ ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ታክሲ ተራ ላይ ስልኩን የተነጠቀ ሰው ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ሲደርስ፣ ጋሸና እስከ ኅዳር 2014 ድረስ በውጊያ መሐል ስትከርም፣ ቤቱ የተዘረፈበትም ያውቀዋል። ከግንቦት 2013 ጀምሮ ደግሞ ቴሌብር መጥቶ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ገብቷል። የልጅ ፎቶ፣ የባንክ መተግበሪያ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ሌባው እጅ ሲገባ የማይጠቅም ስልክ መኖሩ ለድሃ ከሀብታም ይልቅ ይጠቅማል፤ ሀብታም ሌላ ይገዛልና።

ስለዚህ ቁልፉን እደግፋለሁ። የማልደግፈው መክፈቻውን ነው። አምራቹ የስልኩ ሕጋዊ ባለቤት ስለመሆንህ የግዢ ደረሰኝ አምጣ ይላል። በእኛ አገር ስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በምስክርና በመተማመን እንጂ በደረሰኝ አይደለም። ሦስት ሰው ያለፈበት ስልክ የመጀመሪያው ደረሰኝ ምናልባት ዱባይ አንድ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው። የተጭበረበረው የመጨረሻው ገዢ ሌባውን አያውቀውም፤ ቅጣቱን የሚቀበለው ግን እሱ ብቻ ነው። አምራቹ ደረሰኝ ሳይጠይቅ ቢከፍት ደግሞ ሌባውም በዚያው በር ይገባል። መካከለኛ መንገድ የለም ማለት ግን አይደለም። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ስልኩ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ አጭር ኮድ የሚያረጋግጥበት ዘዴ ቢኖር ግማሹ ጉዳት ይቀር ነበር።

የኢንተርኔቱ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆይቷል፤ ከዚያ በፊትም በጦርነቱ ወቅት ሰሜን ወሎ ያለ መብራትና ያለ ስልክ ለወራት ኖሯል። አይፎን አንዴ ሁሉ ነገር ከተደመሰሰበት ያለ ኢንተርኔት መልሶ አይነሣም፤ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የራሱን የይለፍ ቃል የሚያውቅ፣ በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ጭምር ኔትወርክ በሌለበት ከተማ ስልኩን ቢያጸዳ በእጁ የሚቀረው ብርጭቆ ነው። እዚህ ላይ የኃላፊነቱን ትልቅ ድርሻ የሚወስደው ኢንተርኔቱን የዘጋው እንጂ ስልኩን የሠራው አይደለም፤ ይህን ሳይሉ አምራቹን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጉደል ነው። ያም ሆኖ ኔትወርክ ለወራት የሚጠፋባቸው የዓለም ክፍሎች ምሥጢር አይደሉም፤ ስልኩን የነደፈው መሐንዲስ ሊያስባቸው ይችል ነበር።

በዚያ የመዘጋት ዘመን መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ በሜሞሪ ካርድ ይዞ ይመጣል፤ ጥገና ቤቱ ይቀበለዋል፤ ከዚያ በዜንደር ወይም በሼርኢት ማስተላለፊያ መተግበሪያ ከተማው ሁሉ ይወስደዋል። የአማርኛ ኪቦርድ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የበዓላትና የአጽዋማት አቆጣጠር፣ መዝገበ ቃላት፣ የተማሪዎች ጥያቄና መልስ፤ ሁሉም በዚህ መንገድ ገቡ። ይህ በአንድሮይድ ይቻላል፤ በአይፎን አይቻልም። ከአፕል ሱቅ ውጭ የመጣን መተግበሪያ አይፎን አይቀበልም። ኩባንያው ሌላ የመተግበሪያ ሱቅ መጀመሪያ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነው፤ ያንንም ያደረገው ሕግ አስገድዶት ነው። በአንድ ፋብሪካ የተሠራ አንድ ዓይነት ስልክ ፓሪስ ላይ የሚፈቅደውን ጋሸና ላይ ይከለክላል። የስልክ ወዳጁ የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጭቱም ልክ ነው።

ይሁን እንጂ ክፍት በር ምን እንደሚያስገባ ከእኛ የበለጠ ያየ የለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ ያወጣው መረጃ ነበር። ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞች ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ተጭነው ተገኝተዋል፤ ስልኮቹ ከተሸጡባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና እና ደቡብ አፍሪካ ይገኙበታል። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ላይ ይመዘግቡትና የሞላውን ካርድ ይበሉበታል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከ200 ሺህ በሚበልጡ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይት እንደታየ ነው ኩባንያው የገለጸው። የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ላለ፣ ስሙን ላልገለጸው አቅራቢ ሰጥቶ ማስተካከያ ማውጣቱን አስታወቀ። «ካርድ ሞላሁ፣ ሳልደውል አለቀ» የሚለውን እሮሮ በየሱቁ የሰማ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም። ከሜሞሪ ካርድ የሚቀዳው መተግበሪያም ማን እንደነካካው አይታወቅም።

እንግዲህ በዚህ በኩል ፍርዴ ይህ ነው፤ በሩ ተዘግቶ ይምጣ፤ ግን ባለቤቱ፣ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ፣ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ የሚከፍተው ይሁን። ለማያውቅ ሰው ጥበቃው ይኖረዋል፣ ለሚያውቅ ሰው መብቱ።

ጥገናውም የዚሁ ቅርንጫፍ ነው። የጋሸና ባለ ጥገና ባትሪና ስክሪን የሚያገኘው ከሞተ ስልክ ነቅሎ ነው። አንዳንድ አምራቾች ዕቃውን ከስልኩ ጋር በቁጥር ያስተሳስሩታል፤ ኦሪጅናሉ ባትሪ ከሌላ ኦሪጅናል ስልክ ተነቅሎ ቢገባ እንኳ ስልኩ «ያልታወቀ ዕቃ» ብሎ ያስጠነቅቃል። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ ይህን ማስተሳሰር ከልክላለች። አፕልም በዚያው ዓመት ያገለገሉ ኦሪጅናል ዕቃዎችን መቀበል ጀምሯል፤ ግን ማስተካከያው የሚጠናቀቀው በኢንተርኔት ነው፤ ከተቆለፈ ስልክ የተነቀለ ዕቃም አያልፍም። ይህ የመጨረሻው ተገቢ ነው እላለሁ፤ የተሰረቀ ስልክ በቁርጥራጭ እንዳይሸጥ ያደርጋል። ማስጠንቀቂያውም ለገዢ ይጠቅማል። የማይጠቅመው ደህናው ባትሪ ገብቶ ጤናው በመቶኛ እንዳይታይ ሲደረግ ነው።

ወደ ሁለተኛው ቅሬታ ልመጣ። አፕል በመላው አፍሪካ አንድም የራሱ መደብር የለውም። ይህን እረዳለሁ፤ መደብር ገበያ ይፈልጋል። የማልረዳው የመተግበሪያ ሱቁን ነገር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 የመተግበሪያ ሱቁን ወደ ሃያ ተጨማሪ አገሮች ሲያስፋፋ ሊቢያ፣ አፍጋኒስታን፣ ኢራቅ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ እና ሩዋንዳ ገቡ፤ ጠቅላላውም 175 ደረሰ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ እዚህ አይፎን የያዘ ሰው አካውንት ሲከፍት አገሩን የሚመርጥበት ቦታ ላይ አገሩን አያገኛትም። አሜሪካ ወይም ኬንያ ብሎ፣ የማያውቀውን ጎዳና አድራሻ ጽፎ ይገባል። የኢትዮ ቴሌኮምን ቴሌብር በአይፎኑ ለማውረድ እንኳ በወረቀት የሌላ አገር ነዋሪ መሆን አለበት። የአገልግሎቱ ውል ሰው የሚጠቀመው በራሱ አገር ሱቅ ነው ስለሚል፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውል አፍራሽ ይሆናል። ሰውን ዋሽቶ ሲመጣ ብቻ የሚያስገባ በር ክብር ይነካል፤ ይህን አቅልዬ አላየውም።

ከአሜሪካ የሚላከው ስጦታም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ አይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ አብሮ በተሠራ ሲም፣ ነው። እናት «ልጄ ላከልኝ» ብላ በደስታ የተቀበለችው ስልክ ሲሟ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ክፍያው ሳያልቅ የተላከ ከሆነ ደግሞ ለአሜሪካው ኦፕሬተር ተቆልፎ ይመጣል። ይህ የአምራቹ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ላኪው ሳይጠይቅ ልኳል፣ ኦፕሬተሩም ዕዳውን ጠብቋል። ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ስልክ ከመላካችሁ በፊት የተከፈተ መሆኑን፣ የሲም ቦታ እንዳለው፣ ከአካውንታችሁ መውጣቱን አረጋግጡ።

አፕልን ወክዬ ልናገር ብል የምለው አለኝ። ሱቅ መክፈት ማለት ገንዘብ መሰብሰብ ነው፤ የተሰበሰበውን ብር ወደ ዶላር ለውጦ ማውጣት ደግሞ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ እጅግ ከባድ ነበር። የባንክ ዘርፉ ለውጭ ባንኮች በሕግ የተከፈተው ገና በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው። አብዛኛው የባንክ ካርዳችን ከአገር ውጭ አይከፍልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። አሜሪካ ውስጥ 799 ዶላር የሚሸጥ ስልክ በባንክ ምንዛሬ ከ45 ሺህ ብር ገደማ ወደ 80 ሺህ ብር ወጣ ማለት ነው፤ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ። በዚህ ዋጋ ስንት ሰው ይገዛል? መንግሥትም ቢሆን ከመገደብ ነጻ አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ቀፎዎችን በመለያ ቁጥራቸው መመዝገብ ሲጀምር ከውጭ በስጦታ የመጣ ስልክ ሁሉ በጉምሩክ ማለፍ ነበረበት። ኮንትሮባንድንና ኮፒ ስልክን ለመከላከል ነው የተባለው፤ ዓላማው ተገቢ ነው፤ ያንገላታው ግን ብዙ ጊዜ ነጋዴውን ሳይሆን ስጦታ ተቀባዩን ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሚዛኑ ወደ ስልክ ወዳጁ ያጋድላል። የሊቢያ ባንኮች ከእኛ የተሻሉ ስለነበሩ አይደለም ሱቁ የተከፈተላቸው። ክፍያ ባይቻል እንኳ ነጻ መተግበሪያዎችን ብቻ የያዘ ሱቅ መክፈት ይቻላል። የጉግል ሱቅ ለኢትዮጵያ አንድሮይድ ተጠቃሚ ነጻውን መተግበሪያ ሲያድል ስንት ዓመቱ ነው! አገሪቱን ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ሕንፃ መሥራት አይጠይቅም።

መምጣት ይቻል እንደነበር ያሳየን ደግሞ የስልክ ወዳጁ ብዙ ጊዜ የሚንቀው ቴክኖ ነው። ትራንሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ጀመረ፤ ሁለት ሲም፣ ረጅም ባትሪና አማርኛ ይዞ መጣ፤ የጥቁር ሰው ፊት በጨለማ እንዲታይ ካሜራውን አስተካከለ። በዚያ ዘመን አይፎን የሌላ ሰው ኪቦርድ እንኳ አይቀበልም ነበር፤ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የገጠሩ አባት በፊደሉ መልእክት የጻፈው በውዱ ስልክ አይደለም። ያው ኩባንያ ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁን ደብልዩ 2 ሸጦልናል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ቅርብ መሆን ታማኝ መሆን እንዳልሆነ፣ ሩቅ ያለው ጥንቁቅ መሆኑም የኛን ችግር ያውቃል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እናያለን።

አሁን ደግሞ ክፍቱ በር ራሱ እየጠበበ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 እንዳስታወቀው በተረጋገጠ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ፣ ከሱቅ ውጭ የመጣም ቢሆን፣ ማንነቱ የተረጋገጠ ሠሪ ሊኖረው ይገባል። በመስከረም 2026 በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖር እና በታይላንድ ይጀምራል፤ ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌላው ዓለም ይሰፋል። ተቃውሞ ሲበዛበት አደጋውን አውቀው ለሚጭኑ ሰዎች የተለየ መንገድ እንደሚተው ተናግሯል። ደብልዩ 2ን ያየ ሰው የእርምጃውን ምክንያት ይረዳል። ያ የተለየ መንገድ ግን ኔትወርክ በሌለበት ቀን፣ ከሜሞሪ ካርድ ለሚጭን ሰው የሚሠራ መሆኑን ኩባንያው አሁን፣ ነገሩ ገና ሳይጸና፣ በግልጽ መናገር አለበት። የአማርኛ ኪቦርድና የበዓላት አቆጣጠር የሚሠሩት የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የወልድያ ልጆችም ቀኑ ሳይደርስ ስማቸውን ያስመዝግቡ፤ የጋሸናው ባለ ጥገና የሚቀዳው የእነሱን ሥራ ነውና።